የጎረቤት አገር ጠበቃ

የጋዋኔ ኪስ በላቦራቶሪው በር እጀታ ተይዞ ባይቀደድ ኖሮ፣ በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ አልልም ነበር። ሥራዬ ደም መመርመር ነው። አጉሊ መነጽር ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ፀጉሬ ሸብቷል። ሥራው ካስተማረኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ የማየውን ነገር እንዲሆን ከምመኘው ነገር ለይቶ መጻፍ ነው። የወዳጅ ደም ሲመጣ ንጹሕ እንዲሆን እንመኛለን፤ የባላጋራ ደም ሲመጣ ደግሞ፣ ሰው ነንና፣ ሌላ ነገር ሊያምረን ይችላል። ጠብታዋ ግን ምኞታችንን አትሰማም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዚያ ሱቅ ውስጥ የሰማሁት ነገር ለምን እንዳበገነኝ አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው።

ልብስ ሰፊው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ጨዋ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው። ከፊት ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ በአንዱ ይሠራሉ፣ ሌላው ሁልጊዜ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ነው። ከበስተኋላ በችፑድ ግድግዳ የተከፈለ ክፍል አለ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከአንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩት እዚያ ነው። ሬዲዮናቸው ክር በሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ይለፈልፋል።

ስገባ መቀስ ይዘው ቆመው ግድግዳው ላይ አፍጥጠዋል።

«ዶክተር! እግዜር ነው ያመጣህ፤ ግባ» አሉኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለእሳቸው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም?»

«ልጄ ተበላሸችብኝ።»

«ታመመች?»

«ምነው በታመመች! ለበሽታውማ አንተ አለህልኝ።» ጋዋኑን ተቀብለው ቅዳዱን እንኳ ሳያዩ ወንበር ላይ ወረወሩት። «ትናንት አመሻሹ ላይ እዚሁ ተቀምጬ ኮሌታ እገለብጣለሁ። የሬዲዮው ባትሪ ስላለቀ ዝም ብሎ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የልጄ ድምፅ ተሰማኝ። ምን ትላለች መሰለህ? ‹ያ መሬት የእኛ ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ መረባችንን የምንጥለው እዚያ ነበር› ትላለች። ስማኝ ዶክተር፤ መረብ! እኛ መቼ ነው መረብ የጣልነው? መረብ የሚጥሉት እነሱ ናቸው! እነዚያን ነው ‹እኛ› የምትላቸው!»

«ለማን ነበር የምትናገረው?»

«ለግድግዳው ነዋ! ለእኔማ ደፍራ ትናገር?»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በአገራችንና በጎረቤት አገር መካከል አንድ ሐይቅ አለ። ከብዙ ዓመታት በፊት ውሃው እየሸሸ ሄደና ዳር ዳሩን ለም መሬት ብቅ አለ። በእኛ በኩል ያሉ ገበሬዎች ውሃውን ተከትለው ወርደው አረሱት። በወዲያ በኩል ያሉ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ የእኛ ነው አሉ። ጠቡ ከገበሬና ከዓሣ አጥማጅ እጅ ወጥቶ መንግሥታት እጅ ገባ፤ ጦር ተላከ። የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም ሄዶ እዚያው ሞተ። በጨርቅ የተሸፈነው የስፌት መኪና የእሱ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለቱ መንግሥታት መሬቱ የማንም ሳይሆን ባዶውን እንዲቀመጥ ተስማሙ። እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሬዲዮው ግን ዛሬም ይፎክርበታል።

«ይህን ጉድ ያመጣችው ያቺ አዲሷ አስተማሪ ናት» አሉ ልብስ ሰፊው። «‹የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ታላላቅ ክርክሮች› የሚባል ትምህርት ይዛ መጣች። ስሙን ስሰማ ጂኦግራፊ መስሎኝ ዝም አልኩ። ለካ ክህደት ኖሯል! ቅዳሜ የወላጆች ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ጡሩንባውም ቆርጦ ተነሥቷል። ትምህርቱ ይዘጋል፣ አስተማሪዋ ሻንጣዋን ትሸክፋለች፣ ልጄም ከዚያ ቤት ወጥታ እዚህ መርፌ ትይዛለች። አለቀ!»

ጡሩንባው የሚሉት መንገድ ማዶ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ጎረቤታቸውን ነው። እሱ ከሱቁ ሳይወጣ ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ጠየቋት?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ?»

«ምን ማለትሽ ነው ብለው።»

«በጆሮዬ የሰማሁትን ምን እጠይቃለሁ?»

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ሰውየውን አከብራቸዋለሁ፤ ሐዘናቸውንም አውቃለሁ። ነገር ግን አንዲት ልጅ ከትምህርቷ ልትነቀል፣ አንዲት አስተማሪ እንጀራዋን ልታጣ፣ የአንድ ክፍል ልጆች ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ ማስረጃው በችፑድ ግድግዳ በኩል የተሰማ የአፍታ ንግግር ነው። እኝህ ሰው ደንበኛቸውን ሳያዩ፣ ከግድግዳ ወዲያ ሳሉን ብቻ ሰምተው ለኮት ጨርቅ አይቆርጡም። በሰው ሕይወት ላይ ሲሆን ግን መቀሱ እጃቸው ላይ ነው።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ጠየቅኳቸው። «ጡሩንባውን ይወዱታል?»

«ማን ይወደዋል! ሚስቱ ራሷ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ነው የምትኖረው።»

«ሱሪ ሲያሰፋ ታዲያ፣ ስለማይወዱት ወገቡን አሳንሰው ይለኩታል?»

«አሳንሼ የት ልገባ! በማግስቱ ሱሪውን ተሸክሞ መጥቶ ሰፈሩን ያደነቁረዋል።»

«ስለዚህ የማይወዱትን ሰው ወገብ ልክ እንደሚወዱት ሰው ወገብ ይለካሉ። ልጅዎም የማትወዳቸውን ሰዎች እየለካች እንዳልሆነ በምን አወቁ?»

ልብስ ሰፊው መቀሱን ከፍተው ዘጉት። አፋቸው ጥግ ላይ ፈገግታ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ወዲያው ጠፋ።

«ዶክተር፣ በሱሪ አታባብለኝ» አሉ። «ሱሪ የሰው ወንድም አይገድልም።»

መልስ የመጣው ከበሩ ነው። ልጃቸው የመጽሐፍ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ገባች። የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቁመቷ ወደ አባቷ ሄዷል፣ አገጯንም እንደ እሳቸው ቀና አድርጋ ነው የምትቆመው።

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ» ብላ ሰላም አለችኝና አባቷን አየቻቸው። «አባዬ፣ ምንድን ነው? ከውጭ ድረስ ይሰማል።»

«የጎረቤት አገር ጠበቃ መጣች!» አሉ። «እስቲ ለዶክተርም ንገሪው። መረብሽን የት ነው የምትጥዪው?»

ትደነግጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠችም፤ ፊቷ ቀላ።

«ሰምተኸኛል ማለት ነው» አለች። «ሰምተህ ቀኑን ሙሉ ዝም አልከኝ። ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ዝም። ስወጣ ደህና ዋይ እንኳ አላልከኝም፤ ጥርስህን አሞህ መስሎኝ ክፍል ውስጥ ስጨነቅ ዋልኩ!»

«ምን ልበልሽ?»

«‹ምን ማለትሽ ነው?› በለኛ! ሦስት ቃል ናት!»

እኔ የምለውን ብላልኝ ስለነበር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባትሽን እንዲህ ትናገሪያለሽ?» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ነገር ግን ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ይቅርታ፣ አባዬ። ግን ተናድጃለሁ።» ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቀጠለች። «ዘንድሮ የምናጠናው ሦስት ክርክር ነው። አንድ መንግሥት የራሱን ሕዝብ ሲጨፈጭፍ፣ ሌላው ድንበር ጥሶ ገብቶ ማስቆም ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ያ አንዱ ነው። በአገር ላይ ማዕቀብ ሲጣል የሚቀጣው ጥፋተኛው ነው ወይስ ድሃው? ያ ሁለተኛው። ሦስተኛው የሐይቁ ነገር ነው። ክፍላችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ማንም የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ይናገራል። አጣሞ ወይም አሳጥሮ አይደለም፤ ባላጋራው ራሱ ‹አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው› እስኪል ድረስ ነው። እሱን ካላስባልክ ተራ የለህም፤ ቁጭ! ከእኛ መሀል አንዱ ልጅ ‹አዎ› የሚለው ሰው አጥቶ ሁለት ሳምንት አፉን ዘግቶ ከረመ።»

«ክፍሉ ሁለት ሳምንት ዐረፈ በያ» አሉ አባቷ።

ልጅቷ ልትስቅ ነበር፤ ራሷን ያዘች። «ለሐይቁ ዕጣ ስናወጣ የእነሱ ወገን ደረሰኝ። ይቀየርልኝ ብዬ አለቀስኩ። አጎቴ እዚያ ነው የሞተው አልኳት። አስተማሪዋ ‹እንግዲያው ከማንም በላይ ማወቅ የሚያስፈልግሽ አንቺ ነሽ› አለችኝ። ለግድግዳው እየተናገርኩ ስለማመድ የሰማኸኝ ይህንን ነው።»

«አየኸው ዶክተር? በአጎቷ ደም አስለቅሳታለች!» መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «እሺ፣ ማዕቀቡንም ሌላውንም አጥኑ። ይህ ግን ሰው የሞተበት ነገር ነው፤ የልጆች መጫወቻ አይደለም። ደግሞስ ከወዲያ ማዶ ያሉት ልጆቻቸውን እንዲህ ያስተምራሉ? የእኛን ብሶት ተቀምጠው ያጠናሉ? እኛ ልጆቻችንን ስናለሳልስ እነሱ ቢላዋቸውን ይስላሉ!»

ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ብዙ የተማሩ ሰዎች የሚጠይቁት ነው፤ ጠይቀውም መልስ ሳይጠብቁ የሚሄዱበት ነው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እኔ በአጉሊ መነጽር የማያቸው ተባዮች እኛን ተቀምጠው አያጠኑንም። እነሱ ስለማያጠኑን እኛም እነሱን ማጥናት እንተው?»

«እሷ እኮ ተባይ አላለቻቸውም! ተባይ ብትላቸውማ ማን ይከለክላታል!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሳቄ ተነነ፤ ስለ ማዕቀብ ያለችው ነገር አንድ ያረጀ ንዴት ቀስቅሶብኝ ነበርና። በአገራችን ላይ ማዕቀብ በተጣለ ጊዜ የምርመራ ኬሚካላችን ከመደርደሪያው አለቀ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ነበር፤ ‹ኬሚካል የለም› እያልኩ የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። የእኛ ሬዲዮ ‹ጠላቶቻችን› ይል ነበር። ማዕቀቡን የጣሉብን ሰዎች ሬዲዮ ደግሞ ‹ቅጣቱ የሚያርፈው በመሪዎቹ ላይ ብቻ ነው› ይል ነበር። ስለ እነዚያ እናቶች አንዱም ትንፍሽ አላለም። ማዕቀብ የሚጥሉት ሰዎች ‹ከመድፍ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ከማየትም ይሻላል› ይላሉ፤ ይህም ተንቆ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸውና፣ «እንዲህ ያለውን ነገር በሁለቱም በኩል አይቶ የሚመዝን ሰው ካላስተማርን፣ ጋሼ፣ ሚዛኑን ለማን ነው የምንተወው? ለሬዲዮው?» አልኳቸው።

«ሬዲዮውን ተወው» አሉ። ግን እጃቸውን ሰድደው ድምፁን ቀነሱት።

ልጅቷ ይህን ስታይ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነሱ መሬቱ የእኛ ነው የሚሉት ለምንድን ነው?»

«ሌቦች ስለሆኑ ነው።»

«እነሱ ይህን ቢሰሙ ‹አዎ፣ ያልነው እሱን ነው› የሚሉ ይመስልሃል?»

«ሌባ መቼ ሌባ ነኝ ይላል?»

«ስለዚህ እነሱ የሚሉትን አልነገርከኝም። እስቲ ንገረኝ።»

ልብስ ሰፊው አፋቸውን ከፈቱ። «እ... ዓሣ ያጠምዱ ነበር አልሽ።»

«እኔ አልኩ። አንተስ ምን ታውቃለህ?»

ጠመኔያቸውን አንሥተው በጣታቸው አሽከረከሩት። መልሰው አስቀመጡት። ምንም አልነበራቸውም። ያን ሁሉ ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ ስለ እነዚያ ሰዎች ሲሰሙ ኖረው፣ እነዚያ ሰዎች የሚሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር አያውቁም። ንዴቴ በእሳቸው ላይ አልነበረም። ጥላቻውን ከእነ ፉከራው በየቤቱ እያደሉ፣ የነገሩን ምክንያት ግን ለራሳቸው ሸሽገው ባስቀሩ ሰዎች ላይ ነበር። ወንድሙን የሰጠ ሰው ቢያንስ ለምን እንደ ሰጠው ማወቅ አልነበረበትም?

«እንግዲያው የአንተን ልናገር» አለች ልጅቷ። «እንደ አንተ ሆኜ ነው የምናገረው። ከተሳሳትኩ አቁመኝ።»

«የእኔን ምን ትናገሪያለሽ?»

«ቆይ ስማኝ።» በጨርቅ ወደ ተሸፈነው መኪና ዞረች። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ወንድም ነበረኝ። እዚያኛው መኪና ላይ ተቀምጦ ሲያፏጭ ይውል ነበር፤ ፉጨቱ ያናድደኝ ነበር፣ ዝም በል እለው ነበር። ወሰዱት። ቆይቶ የታሸገ ሣጥን መጣ። ክፈቱልኝና ልየው ብዬ ለመንኩ፤ አይከፈትም አሉኝ። አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ‹ለመሬታችን ወደቀ› ብሎ ተናገረ፤ ንግግሩን ሲጨርስ የመጣበት መኪና ሞተር እንኳ አልጠፋም ነበር። ዓመት ሳይሞላ ያ መሬት የማንም አይሁን ብለው ተስማሙ። መጥቶ የነገረኝ ሰው የለም፤ ከሬዲዮ ነው የሰማሁት።»

«በቃሽ» አሉ አባቷ ቀስ ብለው። ቆም አለች። ግን ‹ተሳስተሻል› አላሏትም፤ ጥቂት ጠብቃ ቀጠለች።

«እነዚያ ሰዎች ሌቦች እንዲሆኑልኝ እፈልጋለሁ። አውሬ ይሁኑልኝ። ከአውሬ ጋር አይነጋገሩምና፣ ወንድሜ የሞተው ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው ብዬ እተኛለሁ። ምክንያት ያላቸው ሰዎች ከሆኑ ግን፣ መነጋገር ይቻል ነበር ማለት ነው። መነጋገር ይቻል ከነበረ ደግሞ ወንድሜ በከንቱ ነው የሄደው። ይህን ከምሰማ፣ ልጄ ትምህርቷን ትታ መርፌ ትያዝ።» ወደ አባቷ ዞረች፤ አሁን ድምፅዋ የራሷ ነበር። «አባዬ፣ ያልከው ይህን ነው?»

ልብስ ሰፊው ተቀመጡ። ከመንገዱ የጡሩንባው ሳቅ ይሰማ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩን ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ አላበሱትም።

«ይህን ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም» አሉ። «አዎ። ያልኩት እሱን ነው።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ቦርሳዋን አወረደች።

ጥቂት ቆይቶ እጃቸው ጠረጴዛውን ሲመታው ስፒሎቹ ሁሉ ዘለሉ። «ታዲያ ለምን አልተነጋገሩም?» ብለው ጮኹ። በእኛ ላይ አልነበረም የሚጮኹት። «ገበሬው አርሶ ለዓሣ አጥማጁ ድርሻ ቢያካፍል ምን ነበረበት? ለጥቂት ዓመት ተካፈሉና እንይ ቢባል ምን ነበረበት? እኔ እንኳ፣ እኔ መሃይሙ፣ አንድ ጨርቅ ሁለት ደንበኛ ሲጠይቀኝ ሁለቱንም ጠርቼ አስማማለሁ! እነዚያ ባለ ክራቫቶች ይህ ተሳናቸው? ወይስ የሚሞተው የእነሱ ወንድም ስላልነበረ ነው?»

«እኛም ክፍል ውስጥ የጠየቅነው ይህንኑ ነው» አለች ልጅቷ። «መሬት መካፈል፣ ድርሻ መስጠት፣ ገላጋይ መጥራት፤ ሦስቱም መንገድ በሌላ አገር ተሞክሯል። አንዳንድ ቦታ ሠርቷል፣ አንዳንድ ቦታ ፈርሷል። ለምን እንደ ሠራና ለምን እንደ ፈረሰ ነው የምናጠናው።»

«ታዲያ እነሱ ልክ ናቸው ነው የምትዪው?»

«አይደለም፣ አባዬ። ዓሣ ማጥመጃቸውን አጥተዋል፤ ይህ እውነት ነው፣ ልንክደው አይገባም። የገበሬዎቹን ጎጆ ሌሊት መጥተው አቃጥለዋል፤ ለዚህ ማስተባበያ ፈልጌ አጣሁ። ያጣሁት ደግሞ የእነሱ ጠበቃ ሆኜ፣ አጥብቄ ፈልጌ ነው። የእኛን ወገን ይዤ ስቆም ከየት እንደምጀምር አሁን አውቃለሁ። ዱሮ የማውቀው መሳደብ ብቻ ነበር።»

አባቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «መርፌ መያዙንስ ለማንኛውም ብትለምጂው አይጎዳሽም» አሉ በመጨረሻ። ልጅቷ ይህ ዕርቅ መሆኑን ስላወቀች ሻይ ልታፈላ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊው «ና፣ ከአጠገቤ ሁን» ብለው ወደ ስብሰባው ወሰዱኝ። ወላጆች የተቀመጡት በተማሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ስለነበር፣ የሁሉም ጉልበት ወደ አገጩ ደርሷል። አስተማሪዋ ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ መስኮቱ አጠገብ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ፍርዷን ሰምታ ለመሄድ የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

ጡሩንባው ቀድሞ ተነሣ። «ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት ልከን ከሃዲ ሆነው ተመለሱ!» አለ። መስኮቶቹ ነዘሩ። «የእኔ ልጅ ነገ ወታደር ሊሆን ይችላል። ወታደር ‹ጠላቴም ምክንያት አለው› ብሎ ይዋጋል? ይህች ሴትዮ ትሂድልን! ትምህርቱም ይዘጋ!» ተጨበጨበለት።

ልብስ ሰፊው ከሰብሳቢው ወንበር ተነሡ። «መልስ ከመስጠቴ በፊት ያልከውን ልድገመው» አሉ። «ከተሳሳትኩ አርመኝ።»

«ምን ትደግመዋለህ? ደንቆሮ እንኳ ሰምቶኛል!»

«ይሁን፣ እደግመዋለሁ። ልጄን እወደዋለሁ ነው ያልከው። ግንባር ላይ ቆሞ ስለ ጠላቱ ምክንያት ሲያስብ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ የሚሞተው እሱ ነው። ስለዚህ እንዳይጠራጠር አድርጌ ባሳድገው ሕይወቱን አተርፍለታለሁ ነው የምትለው። የምትጮኸው ክፋት ኖሮብህ አይደለም፤ ሬሳው እንዳይመጣብህ ፈርተህ ነው። እሱን ነው ያልከው?»

ጡሩንባው ዙሪያውን አየ። ያን ጊዜ የሰማነው ድምፅ የእሱ ይሆናል ብሎ ማንም አይገምትም ነበር፤ ዝቅ ያለ ነበር።

«እሱን ነው» አለ። «እንዲያውም አሳምረኸዋል።»

«እንግዲህ መልሴን ስማኝ። የእኔ ወንድም አልተጠራጠረም። እጁም አልተንቀጠቀጠም። ሞተ።» እዚህ ላይ የልብስ ሰፊው ድምፅ ከፍ አለ፤ ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛውን የመታው ያ ቁጣ ተመልሶ መጣ። «ልጅህን የሚያተርፍልህ፣ ግንባሩ ከመከፈቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የወዲያኛውን ሰው ‹አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው› የሚያስብል ሰው ነው። የእኔን ወንድም ከላኩት ሁሉ መሀል እንዲህ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አንድ! ሁሉም መናገር እንጂ መስማት አልተማሩም። እንዲህ ያለው ሰው ከሰማይ አይወርድም። ከዚህ ክፍል ካላወጣነው ከየት እናመጣዋለን? እኛ ደግሞ ክፍሉን ልንዘጋ ተሰብስበናል! ማፈር ይገባናል። ከሁሉ በፊት ማፈር የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ የሰማሁትን ሳልጠይቅ ልፈርድ ነበርና።»

ድምፅ ተሰጠ። ትምህርቱ እንዲቀጥል፣ አስተማሪዋም ባለችበት እንድትቆይ፣ የፈለገ ወላጅም ከኋላ ተቀምጦ እንዲከታተል ተወሰነ። እንዲቀጥል ሲባል ጡሩንባው እጁን አላወጣም፤ እንዲዘጋ ሲባልም ግን አላወጣም።

እኔ በሥራዬ ልማድ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ነገር ዝም ብዬ ስመለከት ከርሜአለሁ። ልጆቹ ዜና ሲሰሙ ‹የወዲያኞቹስ ምን ይላሉ?› ብለው ይጠይቃሉ፤ ይህን የሚጠይቅ ወጣት በፉከራ ብቻ ወደ ግንባር የሚነዳ አይሆንም። አገሩ ልክ በሆነችበት ነገር ላይ ከቀድሞው ጸንቶ ይከራከራል፤ ምን እንደሚመለስለት አስቀድሞ ያውቃልና። አገሩ በተሳሳተችበት ላይ ደግሞ ስሕተቱን ከባዕድ ሳይሰማ ራሱ ያገኘዋል፣ ሊያርመውም ጊዜ አለው። በየቤቱም ቢሆን ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ከመቆጣታቸው በፊት የሚጠይቋት ያቺ ‹ምን ማለትህ ነው?› የምትል አጭር ጥያቄ ስንቱን የተዘጋ በር እንደ ከፈተች በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው በነፃ ሊማረው የሚችለውን ይህን የመሰለ ትምህርት ከልጆቹ የሚነፍግ ኅብረተሰብ፣ ነገ በሚመጣለት የታሸገ ሣጥን ሊገረም አይገባውም።

በዚያ ቅዳሜ ወላጆቹ ሲበተኑ ልብስ ሰፊው ባርኔጣቸውን ይዘው ወደ አስተማሪዋ ቀረቡ።

«እኔም ከኋላ ልቀመጥ አስቤያለሁ» አሉ። «ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፤ እነዚያን ሰዎች ዛሬም አልወዳቸውም።»

«እሱን እኛ አናስተምርም፣ ጋሼ» አለቻቸው አስተማሪዋ። «ሰኞ ከሰዓት ነው የምንጀምረው፤ እንዳያረፍዱ።»

ሰኞ ከሰዓት በዚያ ሳልፍ ሱቁ ተዘግቶ ነበር።